ናኖው ካንሰሩን ይይዘዋል ሲባል፦ ከኮዬ ፈጬ የቀረበ ጥያቄና የመጡለት ምላሾች

ጥያቄው

እንደምን ሰነበታችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እኛ ቤት እቴቴ የምንላት፣ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ኬሞ ጀምራለች። ከታዘዘላት ስምንት ዙር ሦስቱን ጨርሳለች፤ አራተኛው ቀጠሮዋ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ፀጉሯ አልቋል። አፏ ቆስሎ ከአጥሚት በቀር የሚወርድላት የለም። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች።

ቅዳሜ ዕለት አንዲት የብሎካችን እናት ሊጠይቋት ሲመጡ ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይዘው መጡ። የናኖ ውሃ ነው አሉ፤ ብር የሚባለው ማዕድን እጅግ ደቅቆ የገባበት። የሸጠላቸው ሰው፣ ናኖው ደም ውስጥ የሚዞረውን ካንሰር ይይዘዋል ብሏቸዋል። ከኬሞ ጋር ስለማይስማማ ግን ጠርሙሱ እስኪያልቅ ኬሞው ይቁም ብሏል። ሴትዮዋ ክፉ አስበው አይደለም፤ ከዕቁብ ገንዘባቸው አውጥተው ነው የገዙላት። እቴቴ ጠርሙሱን ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሕክምና አልተማርኩም። ሦስት ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። ናኖ የሚባለው ነገር ፈጠራ እንዳልሆነ፣ የካንሰር ሴልን ከደም መካከል የሚይዝ መሣሪያም በእውነት እንዳለ አየሁ። ግራ የገባኝ ቃሉ ነው። በእኛ አነጋገር ይይዘዋል ስንል ሌባን እንደ መያዝ ሊሆን ይችላል፣ የሚፈስን ነገር ገድቦ እንደ ማቆምም ሊሆን ይችላል። ናኖው ካንሰሩን የሚይዘው በየትኛው ነው? ተያዘ ማለትስ ዳነች ማለት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ምላሾቹ

ይህን በመወያያ መድረኩ ላይ የጠየቅኩት ማክሰኞ ነበር፤ ዛሬ ሰኞ ነው። 34 ምላሾች መጥተዋል። ብዙ ሰው ከመካከል ገብቶ ቀድሞ የተመለሰውን እንደገና ሲጠይቅ ስላየሁ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እዚህ ጽፌዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ እንደገባኝ ነው ያስቀመጥኩት። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት የምሕረት ምኞቶች ናቸው። ከቡራዩ የጻፈች እህት እናቷን በዚሁ በሽታ እንዳጣች ነግራኝ፣ እቴቴን ብቻዋን እንዳልተዋት አደራ ብላኛለች። አሜን።

4ኛው የአንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ውይይቱን መስመር ያስያዘችውም እሷ ናት። መጀመሪያ ያስተካከለችው ቃሉን ነው። ናኖ የመጠን ስም እንጂ የመድኃኒት ስም አይደለም። አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲከፈል አንዱ ድርሻ ናኖሜትር ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይሆናል፤ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ሺህ። ስለዚህ 100 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች አንድ ቀይ የደም ሴል ላይ ቢሰለፉ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ሰባና ሰማንያ ያህል ያስፈልጋሉ። ናኖ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሁሉ፣ የምን ናኖ ነው ተብሎ ካልተጠየቀ ምንም አልተነገረም ማለት ነው።

5ኛውም የእሷ ነው፤ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን ቀይ ሴሎችና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጭ ሴሎች አሉ። ካንሰሩ በተሰራጨበት ሰው ደም ውስጥ እንኳ የሚዞሩት የካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱን ለማውጣት በናኖ መጠን የደቀቀ የብረት ብናኝ ይወሰዳል፤ ብናኙ ላይ አንቲቦዲ የሚባል የፕሮቲን ዓይነት ይለጠፋል። አንቲቦዲው ኤፕካም የሚባል ፕሮቲን ሲያገኝ የሚጣበቅ ነው። ኤፕካም ጡትን፣ አንጀትንና ፕሮስቴትን በሚሸፍኑት ሴሎች ላይ አለ፤ ደም ሴሎች ላይ የለም። ከታማሚዋ 7.5 ሚሊ ሊትር ደም ተቀድቶ ከብናኙ ጋር ይደባለቃል፣ ብልቃጡ ማግኔት አጠገብ ይደረጋል፣ ብረት የለበሰው ሴል ወደ ግድግዳው ይሳባል፣ የቀረው ደም ይታጠባል። ከዚያ በቀለም ይለያል፦ ኒውክለስ የሚባለው የሴል አስኳል አለው ወይ፣ እንደ ጡት ያለውን አካል የሚሸፍኑት ሴሎች ፕሮቲን የሆነው ሳይቶኬራቲን አለው ወይ፣ የነጭ ሴል ምልክት የሆነው ሲዲ 45 የለበትም ወይ። ሴልሰርች የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። በአሜሪካ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ በ7.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሴል ከተገኘ በሽታው ሊከብድ እንደሚችል ያሳያል።

6ኛው ሱሉልታ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። እሱም ማግኔት አለው፤ እህሉ ወደ ድንጋዩ ከመውረዱ በፊት ሚስማርና ሽቦ እንዲለቅምለት አፉ ላይ አስሮታል። ጤፉ ያልፋል፣ ሚስማሩ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ለእቴቴ ሳነብላት ወዲያው ገባት፤ እኔ ሦስት ሌሊት የደከምኩበትን እሷ በአንድ ወፍጮ ተረዳችው።

7ኛው ግን አረመው፤ እርማቱም ትክክል ነው። ሚስማር ራሱ ብረት ነው፣ የካንሰር ሴል ብረት አይደለም። ማግኔቱ የሚስበው እኛ ያንጠለጠልንበትን ብረት ነው፤ ማንጠልጠያው ደግሞ ኤፕካም ነው። ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሴሉ ከዕጢው ተላቆ ለመጓዝ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ባሕርዩን ይለውጣል፣ ኤፕካሙንም ይቀንሳል ወይም ይጥላል። እንዲህ ያለው ሴል በማግኔቱ ሥር ሳይያዝ ያልፋል። ጸሐፊው 5ኛዋ ይህን መዝለሏን በጠንካራ ቃል ነቅፏል። በ8ኛው እሷ ነቀፌታውን ተቀበለች፤ ዜሮ ተቆጠረ ማለት የለም ማለት እንዳልሆነም ጨመረች። ሁለቱም ባለሙያ መሆናቸው ያስታውቃል። የጎደለው እንዲህ በግልጽ ሲሞላ ማየት ደስ ይላል።

9ኛው ሰንዳፋ ያደገ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነው። ማግኔት ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2007 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ተመራማሪዎች 78 ሺህ ጥቃቅን ምሰሶዎች የቆሙባት፣ ምሰሶዎቹም አንቲቦዲ የተቀቡባት ትንሽ ሰሌዳ ሠሩ፤ ደሙ በምሰሶዎቹ መካከል በቀስታ ሲፈስ የካንሰር ሴሉ ተጣብቆ ይቀራል። ሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሠራበት ከሲሊከን የተሠራ ሰሌዳን ገጽ በናኖ ክሮች ጫካ ሸፈኑት። የሴሉ ቆዳ ለስላሳ አይደለም፤ እጅግ ቀጫጭን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉት። ያ ፀጉርና ይህ ጫካ ሲገናኙ፣ መምህሩ እንዳለው፣ ጭጎጎት ቀሚስ ላይ እንደሚጣበቀው ይጣበቃሉ። ናኖ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ገጹ ለስላሳ ቢሆን ሴሉ ተንሸራቶ ያልፍ ነበር።

10ኛው ታሪክ የሚወድ ሰው ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ደም ውስጥ ዕጢውን የሚመስሉ ሴሎች መታየታቸው አዲስ እንዳልሆነ፣ ቶማስ አሽዎርዝ የሚባል የአውስትራሊያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1869 ጽፎት እንደነበር አስታወሰን። ከማየት እስከ መቁጠር ከመቶ ዓመት በላይ ሄዷል።

11ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ሁላችንንም ገሠጸ፦ አንዲት ሴት አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ ስለ ምሰሶ ብዛት መጨዋወት ምን ይባላል፤ የተጠየቀው ያድናል ወይ ነው፤ መልሱን ስጡና ሂዱ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ቢሆንም እኔ አልከፋኝም፤ ልለው ፈርቼ የተውኩትን ነው ያለልኝ።

12ኛው የላብራቶሪ ባለሙያዋ መልስ ነው፤ አጭር ነው። አያድንም። የተያዘው ሴል ያለው ከሰውነቷ ውጭ፣ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ተይዞ የሚሆነው መቆጠርና መመርመር ነው። እንዲያውም ቆጠራውን ተከትሎ ሕክምና መለወጥ ዕድሜ ያረዝም እንደሆነ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ በወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ዙር ኬሞ በኋላ ቁጥሩ አልወርድ ያለባቸው ሴቶች መድኃኒታቸው ቶሎ ቢለወጥላቸውም ካልተለወጠላቸው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ አላገኙም። በዚያ ላይ መሣሪያው የተፈቀደው ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው ነው፤ የእቴቴ አልተሰራጨም። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ተመልሶ ነበር። ይይዘዋል ማለት እንደ ሌባ መያዝ ነው፤ ያውም ከብዙ ሌቦች ሁለት ሦስቱን ይዞ ቁጥራቸውን ለመገመት።

13ኛው የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ወንድሙ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። ደሙ በማሽን ወጥቶ ታጥቦ ከተመለሰ፣ የካንሰሩም በዚያው መንገድ ለምን በማግኔት አይጸዳም? ከልብ የመጣ ጥያቄ ነው፤ እኔም አስቤው ነበር። 14ኛው በትሕትና መለሰለት። ኩላሊት ሲደክም ቆሻሻው የሚከማቸው ደም ውስጥ ስለሆነ ደሙን ማጠብ ይረዳል። የካንሰር ቤቱ ግን ደም አይደለም። ደም ውስጥ ያሉት መንገደኞች ናቸው፤ ዕጢው ካለ ሌሎችን ይልካል፣ አጥንት ወይም ጉበት ውስጥ ገብተው የተቀመጡትን ደግሞ ማጠቢያው አያገኛቸውም።

ከ15ኛ እስከ 18ኛ ያሉት ከርዕሱ ወጥተዋል፦ የእጥበት ወጪ፣ የውሃ ፈረቃ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት አውቶቡስ ስለ ማጣት። የመድረኩ አስተባባሪ መልሶናል። አንድ ነገር ግን ይያዝልኝ፦ ከከተማው ዳር ሆኖ መታከም ከበሽታው ሌላ ሁለተኛ ሥራ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረበት ጊዜ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው እዚያ ደጅ ያድር ነበር። እኛ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርገን የምንደርሰው ሰዎች ከዚያ አንጻር ቅርብ ነን፤ ግን አፏ የቆሰለች ሴት ሦስት ታክሲ ስትቀያይር ቅርብ አይመስልም። ጠርሙስ ይዞ ደጅ ድረስ የሚመጣ ሰው የሚሰማው ለዚህም ይመስለኛል።

19ኛው ፋርማሲስት ነው። እስከዚያ ድረስ የተባለው ሁሉ ስለ መያዝ ነበር፤ እሱ ወደ ማከም መለሰን። ናኖ የሆነ የካንሰር መድኃኒት በእርግጥ አለ፣ አዲስም አይደለም። እቴቴ የምትወስደው ቀይ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ካንሰሩን ይገድላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ልብን ይጎዳል። ስለዚህ 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት ውስጥ ከተው ሠሩት። ዶክሲል የሚባለው ይኸው ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ተፈቅዷል። ከረጢቷ ላይ ያለው ሽፋን ሰውነት ቶሎ እንዳያስወግዳት ይከላከልላታል፤ በጤናማ የደም ሥር ግድግዳ በቀላሉ አትወጣም፣ ዕጢ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ግን ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ስላላቸው እዚያ ትሾልካለች። ትልቁ ጥቅሟ ልብን ማትረፏ ነው። በምትኩ የእጅና የእግር መዳፍን ታቀላለች፣ ትልጣለች። ሌላው አብራክሴን ነው፤ ፓክሊታክሴል የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር አጣብቀው 130 ናኖሜትር አካባቢ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለጡት ካንሰር የተፈቀደ። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ለማሟሟት የሚጨመረው ፈሳሽ አለርጂ ያስነሳ ነበር። ፋርማሲስቱ የደመደመው ይህን ነው፦ ሁለቱም በደም ሥር፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ኬሞዎች ናቸው። ናኖ ማለት ኬሞ ማቆም ማለት ሆኖ አያውቅም።

20ኛው በቁጣ ገባ። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ንግድ ነው፣ አባቶቻችን በቅጠልና በሥር ሲያድኑ ማንም ናኖ አላለም የሚል ነው። ከጽሑፉ ሁለት መስመር በአስተባባሪው ተሰርዟል፤ ፋርማሲስቱን የሚሰድብ ነበር። 21ኛው የፋርማሲስቱ መልስ ነው፤ ስድቡን ሳይነካ አለፈው። ዶክሶሩቢሲን የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ፓክሊታክሴል ከዛፍ ልጣጭ ነው የተገኘው። የልጆችን የደም ካንሰር የሚያክመው ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ ነው። ልዩነቱ ከቅጠል በመምጣቱ ሳይሆን፣ ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል ተለክቶ በመሰጠቱ ላይ ነው። 20ኛው በኋላ ተመልሶ፣ አያቱ መድኃኒት አዋቂ እንደነበሩ፣ እውቀታቸው ሳይጻፍ አብሯቸው እንደተቀበረ ጻፈ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

22ኛው ቂሊንጦ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነው። ከቅጠል ጭማቂና ከብር ጨው የብር ናኖ ቅንጣት ማውጣት በብዙ ላብራቶሪዎች የሚሠራ ሥራ ነው፤ እሱም ሠርቶታል። ፈሳሹ ቀለሙን ሲለውጥ ማየት ደስ እንደሚል ጽፏል። ቅንጣቱ ሳህን ላይ የበቀሉ የካንሰር ሴሎችን ሊገድል ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ሻጮቹም የሚያሳዩት ይህን ጽሑፍ ነው። ግን ሳህን ላይ ያለ ሴልን በረኪናም ይገድለዋል። በረኪና የምትጠጣ ሴት ግን አትድንም። ከሳህን ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል።

በ23ኛው ያው ተማሪ ቀጠለ፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ጋለ። ቀዳዳ ስላላቸው የደም ሥሮች 19ኛው ያለውን አልካደም፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ መሆናቸውን ጠቅሷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የዐሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ እንስሳት ላይ ከተወጉት ናኖ ቅንጣቶች ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይቀራል። 24ኛው ይህን አንብቦ አዘነም ተቆጣም፦ ለታመመ ሰው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቁጥር መጻፍ ተስፋ መቀማት ነው አለ። 25ኛው ፋርማሲስቱ ነው፤ ተማሪውን ደገፈ። ያለ ናኖ የሚሰጠውም ኬሞ አብዛኛው ዕጢው ጋ አይደርስም፤ ሆኖም ይሠራል። ቁጥሩ የተጻፈው መንገዱ ገና እንደሆነ ለማሳየት ነው። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ አንድ የማይሞላ ሲባል አልደነገጥኩም፤ የደነገጥኩት ለእቴቴ ጠርሙሱ ካንሰሩን ሁሉ ያጠፋል ብለው የነገሯት ጊዜ ነው።

26ኛው ስለ ሙቀት ነው። ጀርመን ውስጥ የብረት ናኖ ፈሳሽ አንጎል ውስጥ ባለ ዕጢ ላይ በቀጥታ ተወግቶ፣ ከውጭ አቅጣጫውን በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ በሚለዋውጥ ማግኔት ይሞቅ ነበር። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቅዶታል። ማግኔቱ ሌላውንም ብረት ስለሚያሞቅ የጥርስ ብረት ያለው ሰው ቀድሞ ማስወጣት ነበረበት። በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ናኦሚ ሃላስና ጄኒፈር ዌስት ወርቅ የለበሰ የአሸዋ ቅንጣት ሠርተው በብርሃን አሞቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት 16 የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ወንዶች ላይ ተሞክሯል። 27ኛው ናኖ ሁሉ የዋህ እንዳልሆነ አስጠነቀቀ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ረጃጅም የካርቦን ናኖ ቱቦዎች አይጥ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ካንሰር እንደሚያመጣው አዝቤስቶስ የተባለ ማዕድን ያለ ጉዳት አሳይተዋል።

28ኛው ከጀሞ ነው። የጻፈችው የጡት ካንሰር ታክማ ስድስተኛ ዓመቷን የያዘች ሴት ናት። እዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እሰጣለሁ። ቀዩን መድኃኒት ስትወስድ ሽንቷ ሲቀላ ደም መስሏት እንዴት እንደጮኸች፣ ቡና ሲቆላ ሽታው እንዴት ከቤት እንዳስወጣት፣ አምስተኛው ዙር ላይ ከእንግዲህ አልሄድም ብላ በር ዘግታ እንደተቀመጠች ጽፋለች። አብራት የታከመች ወዳጇ የሆነ ጠብታ ጀምራ ሦስት ቀጠሮ አሳለፈች፤ ስትመለስ ዕጢው ጉበቷ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ንግግሯም ከረረ። ሦስት ሌሊት ሳነብ ሳድር፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ስጠይቅ፣ አንድ ሰው ሳልጠይቅ እንደቀረሁ ነገረችኝ። እቴቴ ጠርሙሱን ለምን ትራሷ ሥር እንዳደረገችው ጠይቄያታለሁ ወይ? ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። አልጠየቅኳትም ነበር።

29ኛው ራሱን ሻጭ ነኝ አላለም፤ ግን ጠርሙሱን ከነዋጋው ያውቀዋል። ብዙ ሰው ድኗል፣ ሐኪሞች ጥቅማቸው እንዳይቀር ይደብቁታል ብሎ ጻፈ። 30ኛው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያ ስትቆጣ አላየናትም። ቅንጣቱ ስንት ናኖሜትር ነው? በአንድ ጠብታ ስንት ይገባል? በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበው በምን ቁጥር ነው? በማን ላይ ተሞከረ? ኬሞ አቁሙ ያለው ሐኪም ማን ነው? ቀጥላም ብር ለብዙ ጊዜ ሲጠጣ ቆዳ ውስጥ ተቀምጦ ሰውን ግራጫማ ሰማያዊ እንደሚያደርግ፣ ቀለሙም ተመልሶ እንደማይለቅ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የብር ፈሳሾች ለማንኛውም በሽታ አስተማማኝና ፈዋሽ ተደርገው እንደማይታዩ እ.ኤ.አ. በ1999 መወሰኑን ጻፈች። 31ኛው አንድ ሰው መልሱን እየጠበቅን ነው ያለበት ነው። ሰውየው አልተመለሰም።

32ኛው ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም እንዲቀር አልፈልግም። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። የማህፀን በር ካንሰር ሳይጀምር የሚገኝበት ምርመራ በአቼቶ ዓይነት አሲድ የሚደረግ ቀላል ነገር እንደሆነ፣ አሲዱ ሲቀባ ያልተለመደው ቦታ እንደሚነጣ፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶችም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ አገራችን ውስጥ መሰጠት እንደጀመረ አስረዳች። እህቶች፣ ሂዱና ተመርመሩ፤ እኔም ቀጠሮ ይዣለሁ።

33ኛው የእኔ ነው። የጀሞዋን እህት ቃል ይዤ ሐሙስ ማታ እቴቴን ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ አፌ ነው አለችኝ። ካንሰሩን አልፈራችውም። አራተኛው ዙር አፏን እንደገና ሲያቆስለው መሸከም እንዳትችል ነው የፈራችው፤ ጠርሙሱ ከዚያ የሚያሳርፋት መስሏት ነበር። ለሐኪሟ ለምን አልነገርሽም ስላት፣ ሕክምናው እንዲህ ስለሆነ ችዬው ነው አለች። ዓርብ ጠርሙሱን ይዘን ሄድን። ሐኪሟ አልተቆጣም። ጠብታውን እንዳትጀምር፣ ኬሞውንም በራሷ እንዳታቆም ነገራት፤ ከዚያ አፏን በባትሪ አየና ብዙ ጠየቃት። በጨውና በቤኪንግ ሶዳ እንድትጉመጠመጥ፣ የሚያደነዝዝ ቅባትና የፈንገስ መድኃኒት እንድትወስድ አዘዘላት። ከአራተኛው ዙር በፊት ነጭ የደም ሴሏ እንደሚታይ፣ ካነሰ ቀኑ እንደሚገፋ ነገራት። ትናንት እሑድ ፍትፍት በላች፣ አምስት ጉርሻ። ጠርሙሱን ያመጡልንን እናት እቴቴ ራሷ ጠርታ አመስግና፣ ለምን እንደማትጠጣው ነገረቻቸው፤ እንዳላሳፍራቸው ለእኔ ቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር።

34ኛው ዛሬ ቀትር ላይ መጣ። የ13ኛው ሾፌር ነው። ወንድሙን ለእጥበት የሚወስድበት ቀን ከእኛ ቀጠሮ ጋር ስለገጠመ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በእኛ በኩል እንደሚያልፍ፣ የፊተኛውን ወንበር ለእቴቴ እንደሚይዝላት ጻፈ። የብሎክ ቁጥራችንን በውስጥ መስመር ልኬለታለሁ። የደም ምርመራው ውጤት በቂ ሆኖ አራተኛውን ዙር ወስዳ እንደሆነ፣ ማታ ስንመለስ 35ኛ ላይ እጽፋለሁ።